ከዓይን ሥር እንባ የሚያፈስ ቀዳዳ፦ ምንነቱና አያያዙ

አንዳንድ ልጅ ከዓይኑ ውስጠኛ ጥግ ዝቅ ብሎ፣ ወደ አፍንጫው በኩል ባለው ቆዳ ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ይዞ ይወለዳል። ሲያለቅስ ወይም ነፋስ ሲመታው ከቀዳዳዋ ጠብታ ብቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ላብ ስለሚመስል ለዓመታት ልብ ሳይባል ሊቆይ ይችላል። ሐኪሞች ይህን የእንባ ፊስቱላ ይሉታል። በአገራችን ፊስቱላ ሲባል ወዲያው ወደ ሐሳብ የሚመጣው የወሊድ ጉዳት ስለሆነ ቃሉን የሰማ ወላጅ ሊደነግጥ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቃሉ መኖር በማይገባው ቦታ ለተከፈተ መተላለፊያ ሁሉ የሚያገለግል ነው።

አያያዙን ለመረዳት የእንባን መንገድ ማወቅ ይበጃል። እንባ ከዓይን በላይ በውጭኛው በኩል ካለ እጢ ይመነጭና ዓይንን አጥቦ፣ በላይኛውና በታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ በሚገኙ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል፤ ከዚያ በቀጫጭን ቦዮች ወደ እንባ ከረጢት፣ ከከረጢቱም በቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው፣ የዓይን ጠብታ መድኃኒትም ጉሮሯችንን የሚመረን ለዚህ ነው። በመስኖ የሚያለማ የቆቦ ገበሬ ቦዩ ታች ሲደፈን ውሃው ዳሩን ሰብሮ እንደሚወጣ፣ የተሰበረውን ዳር ብቻ መድፈንም ከንቱ ድካም እንደሆነ ያውቃል። በዚህም ሕመም ከቀዳዳው ይልቅ መጠየቅ ያለበት ከቀዳዳው በታች ያለው መንገድ ነው።

አብሮ የሚወለደው ዓይነት ከ2,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚታይ ይገመታል፤ ፅንሱ ሲያድግ ከእንባ ቦዩ ትርፍ ቅርንጫፍ በመውጣቱ የሚፈጠር ሲሆን አንዳንዴ በቤተሰብ ይወርዳል። የቀዳዳው ከንፈር ለስላሳና ንጹሕ ነው። ኋላ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ የእንባ ከረጢት መግል ቋጥሮ ሲፈነዳ፣ ወይም ያበጠው ቦታ በምላጭ ሲበጣ፣ ወይም በአደጋ የሚከፈት ነው፤ ዙሪያው ጠባሳማና ወጣ ገባ ይሆናል።

ቀዳዳው ደረቅ ከሆነ፣ ልጁም ዓይኑ የማያነባና የማያመረቅዝ ከሆነ፣ መከታተል እንጂ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። የሚያፈስ ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ዓይናሩንና ፈሳሹን ከውስጠኛው ጥግ ወደ ውጭ መጥረግ፣ ለእያንዳንዱ ዓይንም የተለየ ጨርቅ መያዝ ይገባል። ሕፃኑ ዓመት ካልሞላውና የእንባ ቱቦው መዘጋቱ ከታወቀ ባለሙያው ማሸት ሊያዝ ይችላል፦ እጅን ታጥቦ፣ ጥፍርን ቆርጦ፣ ጣትን በዓይኑ ጥግና በአፍንጫው መካከል አሳርፎ፣ ጠበቅ አድርጎ ወደ ታች መግፋት፤ በአንድ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ፣ በቀንም ደጋግሞ። አብዛኞቹ በዚህ ዕድሜ የሚታዩ የቱቦ መዘጋቶች ልጁ ዓመት እስኪሞላው ይከፈታሉ። ቦታው ቀልቶና አብጦ ሳለ ግን መታሸት የለበትም።

ቀዳዳውን በመርፌ መነካካት፣ መግሉን መጭመቅ፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ ማድረግ ጉዳት ያመጣል። ጸበል የሚወስዱም፣ ዱዓ የሚያስደርጉም ቤተሰቦች ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ፤ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ግን ምንም መግባት የለበትም።

ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ወደ ዓይን ቆብ ከተዛመተ፣ ዓይኑ ወደ ፊት ከገፋ፣ ሲያንቀሳቅሱት ካመመ ወይም እይታው ከደከመ፣ የገበያ ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። የሚያነባ ሕፃን ብርሃን የሚፈራና የዓይኑ ጥቁር ክፍል ከወትሮው የሰፋ ከሆነም ሕመሙ ሌላ፣ ይኸውም ግላኮማ (በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር የሚመጣ ሕመም) ሊሆን ስለሚችል አይዘገይም።

አስቸኳይ ካልሆነ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይሻላል፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የሪፈር ወረቀት ይዞ መሄድ አለበት። ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና የሚሰጥ በመሆኑ ከወሎ ገጠሮች ለሚመጣ ሰው ቅርብ ነው። ቀዳዳው በሐኪሙ ፊት ላያፈስ ስለሚችል ሲያፈስ በስልክ ፎቶ ማንሳት ጠቃሚ ነው። ሐኪሙ በዓይን ቆቡ ቀዳዳ በኩል የጨው ውሃ በቀስታ ይገፋል፤ ውሃው ጉሮሮ ከደረሰ መንገዱ ክፍት ነው፣ በቆዳው ቀዳዳ ከወጣም ግንኙነቱ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ኢንፌክሽን ካለ አስቀድሞ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማል። ከዚያም እንደ ሁኔታው የተዘጋውን ቱቦ በቀጭን ብረት መክፈት፣ ትርፉን ቦይ ከነሥሩ ቆርጦ ማውጣት፣ ወይም ለአዋቂ ከእንባ ከረጢቱ ወደ አፍንጫ አዲስ መንገድ መክፈት ይደረጋል። የቀዳዳው አፍ ብቻ ከተሰፋ ወይም ከተተኮሰ ብዙ ጊዜ መልሶ ይከፈታል፤ ስለዚህ ወላጅ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «የታችኛው መንገድ ተፈትሿል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚቆይ የሲሊኮን ክር በመንገዱ ውስጥ ሊተው ይችላል። በዓይኑ ጥግ የሚታየውን ክር ልጁ እንዳይጎትተው መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ወጥቶ ከተገኘም በመቀስ ሳይቆርጡ፣ ወደ ውስጥም ሳይገፉ፣ በፕላስተር ከአፍንጫው ጎን አጣብቆ ወደ ሠራው ሐኪም መመለስ ነው።