ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ለበጎ ዓላማ የሚደረግ የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በርና በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት የሚገባው የአስፋልት መንገድ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ይጀምርና ጣርማ በር ላይ 3,000 ሜትርን አልፎ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለብስክሌተኛ ይህ ማለት ጠዋት ብርድ ልብስ ከሚመረትበት ከተማ ተነሥቶ፣ ማታ አጎበር ተዘርግቶ ከሚታደርበት ከተማ መድረስ ነው። በበጎ ዓላማ ጉዞ ላይ ተሳታፊው ከዕለቱ በፊት ዘመዱን፣ የሥራ ባልደረባውንና የዕድሩን አባላት እየዞረ ለአንድ ለታወቀ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለትምህርት ቤት የመጻሕፍት መደርደሪያ ወይም ለጤና ጣቢያ አልጋ መግዣ፣ ገንዘብ እንዲሰጡ ያግባባል፤ እርሱም በፈንታው በተባለው ቀን መንገዱን ይጋልባል። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ለአዘጋጁም ለተሳታፊውም እንዲያገለግል የተጻፈ ነው።

አንደኛ፦ ገንዘቡ የሚያልፍበትን መንገድ ማስተካከል

ብዙ ሰው ዝግጅቱን ከብስክሌቱ ይጀምራል። እኔ ግን ከገንዘቡ መጀመር ይሻላል እላለሁ፤ ጋላቢ ቢደክመው መኪና ላይ ይጫናል፣ በተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ጥያቄ ከተነሣ ግን በሚቀጥለው ዓመት በር የሚከፍት አይገኝም። ስለዚህ ገንዘቡ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አይግባ። ተጠቃሚው ተቋም ወይም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት በራሱ ሒሳብ በቀጥታ ቢቀበል ከሁሉ የተሻለ ነው። አዘጋጆቹ ደግሞ እንደ ዕድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠው፣ ቃል የገባው ሁሉ ስሙና የሰጠው መጠን በአንድ መዝገብ እንዲሰፍር ያድርጉ። የመኪና ኪራይ፣ የምግብና የመኝታ ወጪ ተሳታፊዎቹ ከኪሳቸው በሚከፍሉት የመመዝገቢያ ገንዘብ ይሸፈን እንጂ ከስጦታው ላይ አይነሣ፤ ለመደርደሪያ ብሎ የሰጠ ሰው ገንዘቡ ለነዳጅ መዋሉን ሲሰማ ቢቀየም አይፈረድበትም።

ቃል ማስገቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቁርጥ ያለ ስጦታ ሲሆን፣ ሌላው በኪሎ ሜትር የሚሰላ ነው። በኪሎ ሜትር 5 ብር የፈቀደ ሰው ለ95 ኪሎ ሜትር 475 ብር ይከፍላል ማለት ነው። በኪሎ ሜትር ሲሆን ጋላቢው መንገድ ላይ ቢያቋርጥ ስጦታው ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለውን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። እኔ አንድ ዓመት ደብረ ሲና ላይ አቋርጬ፣ ይህንን ሳልነጋገር በመቅረቴ እያፈርኩ ነበር ሰጪዎቼን የጠየቅኋቸው። ትልቅ ሰው ሆኖ በብስክሌት መሄድን እንደ ልጅ ጨዋታ የሚቆጥሩ አዛውንት ካጋጠሙዎት፣ ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ እንደነበር ማንሣት ጨዋታውን ያለሰልሰዋል።

ለየከተማው አስተዳደርና ለትራፊክ ፖሊስ የሚጻፈው ደብዳቤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይግባ። የመንገዱ ጸጥታ ግን በደብዳቤ ብቻ አያልቅም፤ በጉዞው ሳምንት፣ ከዚያም በዋዜማው፣ በየወረዳው ደውሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ እንጂ መድፈር አይገባም።

ሁለተኛ፦ ቀኑን መምረጥ

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከባድ ነው፤ ጣርማ በርም በጉም ይሸፈናል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ አለ። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ የጠራ ቢሆንም በደብረ ብርሃን ዙሪያ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ለእኔ የሚስማማኝ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው፤ ዝናቡ አብቅቶ ገብሱና ስንዴው ቢጫ እየሆነ የሚሄድበት፣ ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ስለሆነ እንቁላልና ወተት ለሚፈልግ ጋላቢ የሚመች ነው። ከብትና አህያ መንገዱን የሚሞላበትን የገበያ ቀን ግን ይሽሹ።

ሦስተኛ፦ ብስክሌቱ

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፤ ማርሽ ያለውና ፍሬኑ በደንብ የሚይዝ ይበቃል። የኮርቻውን ከፍታ ለመለካት ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያሳርፉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። የተራራ ብስክሌት ያለው ሰው ጥርሳም ጎማውን በለስላሳ ጎማ ቢለውጠው አስፋልት ላይ ብዙ ጉልበት ይቆጥባል። ካቴናው ይጸዳ፣ ዘይት ይቀባ። የፍሬኑ ጎማ ግማሽ ያህል ካለቀ ሳያመነቱ በአዲስ ይቀይሩት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

በትንሽ ቦርሳ ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያና ማጣበቂያ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ፖምፓና የመፍቻ ስብስብ ይያዙ። ካላማዳሪያ መቀየርን ቤት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይለማመዱት። በመንገዱ ላይ ባሉት ከተሞች ጎሚስታ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሥራው የጭነት መኪና ጎማ ስለሆነ ለብስክሌትዎ የሚሆን ልክ ላይኖረው ይችላል። የራስ ቁር፣ የፊት መብራትና ቀይ የኋላ መብራት የሌለው ሰው መነሻው ላይ ይቀነስ።

አራተኛ፦ ልምምዱ

ለጤነኛ ሰው ስምንት ሳምንት ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን ይጋልቡ፤ ሁለቱ አጫጭር፣ አንዱ ረጅም ይሁኑ፤ ረጅሙንም በየሳምንቱ በጥቂቱ ያሳድጉት። ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ጫጫ ደርሶ ሲመለስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር፣ ሸኖ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆንለታል። ሸኖ ላይ በቅቤው ዝና ተታሎ ክትፎ ያዘዘ ሰው የመልሱን መንገድ እንዴት እንደሚያገኘው አውቀዋለሁ፤ ቅቤውን ገዝቶ ለቤት መያዝ ይሻላል። የፍጥነቱ መለኪያ ወሬ ነው፦ እየጋለቡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልክ ነዎት፣ ቃል በቃል መቆራረጥ ከጀመሩ ፈጥነዋል። በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የሚመጣ እንግዳ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መጥቶ ደጋውን ይልመደው። በመጨረሻው ሳምንት እረፍት ይብዛ።

አምስተኛ፦ ስንቁ

በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብና ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ውኃው ይጨምራል። ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ምግብ ፍለጋ መድከም አያሻም። የሰሜን ሸዋ መንገደኛ ከጥንት የያዘው በሶ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ጨብጦ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ይቻላል፣ ለጾመኛም ይሆናል። ሙዝና ቴምርም ጥሩ ናቸው። ቆሎ ጣፋጭ ነው፣ ነገር ግን አቀበት ላይ በሚያለከልክ አፍ ማላመጥ ለትንታ ይዳርጋል፤ ለዕረፍት ቦታ ይቆየን። ከመራብ በፊት መብላት፣ ከመጠማት በፊት መጠጣት የሚለውን የሚጥሱት በአብዛኛው ወጣቶቹ ናቸው፣ ከቀትር በኋላ የአጃቢውን መኪና የሚጠይቁትም እነርሱ ናቸው።

ስድስተኛ፦ መንገዱ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ይነሡ። የሱፍ ጓንት፣ የንፋስ መከላከያ ጃኬትና ጆሮ የሚሸፍን ነገር ከሌለ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጋላቢዎቹ ቀኛቸውን ይዘው አንድ በአንድ ይሰለፉ፤ ጎን ለጎን ሆኖ መጨዋወት ከባድ ተሽከርካሪ በሚበዛበት በዚህ አውራ ጎዳና አይሞከርም። መንገድ የሚያውቅ ሰው ከፊት ይምራ፣ አጃቢ መኪናው ደግሞ ከመጨረሻው ጋላቢ በኋላ ፍሬቻ አብርቶ ይከተል።

እስከ ጣርማ በር ያለው መንገድ ሜዳ ይምሰል እንጂ በትንሽ በትንሹ ይወጣል፤ ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ይበልጥ ይከብዳል። በነፋስ ጊዜ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ፣ በየጥቂት ደቂቃው እየተፈራረቁ መምራት ጉልበት ይቆጥባል። በግራና በቀኝ የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋና የባሕር ዛፍ ጥላ ያያሉ፤ ጉዶ በረት ላይ ሻይ ጠጥቶ መቀጠል የተለመደ ነው። በሥራ ላይ ላለ ገበሬ በርቱ ማለት፣ ለአዛውንት ቆም ብሎ እጅ መንሣት ከፍጥነት አያጎድልም። ከጎን የሚሮጡ ልጆችን ደግሞ ከረሜላ አይበትኑላቸው፤ ከረሜላውን ለማንሣት ወደ አስፋልቱ ይገባሉ።

የእረኛ ውሻ ሲያባርር በሩጫ ማምለጥ አይቻልም፣ ውሻውንም ይብሱን ያነሣሣዋል። ከብስክሌቱ ወርደው ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መካከል አድርገው በእርጋታ ይራመዱ፤ ብዙውን ጊዜ ውሻው ፍላጎቱን ያጣል፣ እረኛውም ይጠራዋል። ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ የግድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን አይደለም።

ጣርማ በር ላይ ሁሉም ሰው ይቁም። የምድሩ ጫፍ እዚህ ያበቃ ይመስላል፤ ገደሉ ሥር ደመናው ካልጋረደው ቆላው እስከ ዓይን ማብቂያ ይታያል። ደረታቸው ቀይ የሆነው የጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ ጠርዝ ሣር ሲነጩ ማየት ይቻላል፤ ሣር በል ስለሆኑ ዳቦ መወርወር ይጎዳቸዋል፣ መኪና ወደሚያልፍበት መንገድም ያስለምዳቸዋል። ግማሽ ሰዓት እዚህ ማጥፋት ከጉዞው ሁሉ የተሻለ የጊዜ አጠቃቀም ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውና ሕዝቡ የሙሶሎኒ ዋሻ የሚለው መተላለፊያ ይመጣል። ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጨለማም ነው። የፀሐይ መነጽር ይውለቅ፣ መብራት ይብራ፣ ሁሉም በአንድ ቡድን ሆኖ ከአጃቢው መኪና ፊት ይለፍ። መኪናው ካልደረሰ ይጠበቅ።

አቀበቱን ሰው ሁሉ ይፈራዋል፤ በዚህ መንገድ የሚያስፈራው ግን ከዋሻው በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ግለቱ ወደ ቸርኬው ያልፍና ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጠምዛዛው ከመድረሱ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርገው ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ከዚያ ለቀቅ ያድርጉ፤ መልሰው ይያዙ፣ መልሰው ይልቀቁ። ጠምዛዛው ውስጥ ከገቡ በኋላ የፊቱን ፍሬን በድንገት መጨበጥ ከብስክሌቱ ላይ ይጥላል። የውጪው እግር ታች፣ ዓይን ደግሞ ወደ መውጫው ይሁን። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቆመው ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። እኔ ደብረ ሲና ላይ ያቋረጥኩት እግሬ ደክሞ አልነበረም፤ ጓንቴን መነሻው ላይ ረስቼ፣ ወደታች ስንወርድ ጣቶቼ ፍሬኑን መጨበጥ ስላቃታቸው ነው።

ከደብረ ሲና በታች አየሩ በየመንደሩ ይለወጣል። ጃኬቱና ጓንቱ ወደ መኪናው ይግባ፣ የውኃ መያዣው ይሞላ፤ የአርማንያን ከተማ ካለፉ በኋላ ያለው ሙቀት የደጋ ሰው ከሚጠብቀው በላይ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ራሱና አንገቱ በውኃ ይራስ፣ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይጠጣ፤ በዚያ ቀን ወደ ኮርቻው አይመለስ።

ሰባተኛ፦ ከደረሱ በኋላ

ሸዋ ሮቢት ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። በአጎበር ውስጥ ይደር፣ ምሽት ላይ እጅጌ ያለው ልብስ ይለበስ። ከተመለሱ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት የተሰማው ጋላቢ ጉንፋን ነው ብሎ ሳይተኛ ምርመራ ያድርግ፣ ቆላ ማደሩንም ለሐኪሙ ይናገር።

ብስክሌቶቹ በአይሱዙ ሲመለሱ ካቴናው ያለበት ጎን ከሌላው ጋር እንዳይጋጭ በየመካከላቸው አሮጌ ብርድ ልብስ ይግባ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ይህ አይቸግርም። ገንዘብ ያዡ በበኩሉ ቃል የተገባውንና በእርግጥ የገባውን ለይቶ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰጪ ያሳውቅ። መደርደሪያው ሲገዛ የደረሰኙ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ቃላቸውን ገና ያልፈጸሙ ሰዎች ስም ግን አይለጠፍ፣ በስልክ በትሕትና ይታወሱ።