«ወላጅ አምጪ» ከማለት በፊት፦ ፍቅረኛዋ የሚጎዳትን ተማሪ ትምህርት ቤት እንዴት ይርዳት?

በሙቀት ቀን ሹራቧን አላወልቅም የምትል ተማሪ አለች። በእረፍት ሰዓት ስልኳ ሲጮህ ከጓደኞቿ ተነጥላ እየሮጠች ታነሳለች። ካላነሳች በር ላይ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ጓደኞቿ «ስለሚወዳት ነው የሚቀናው» ይላሉ። መምህራንም «የልጆች ነገር» ብለው ያልፉታል።

አይደለም። መምታት፣ የስልክ የይለፍ ቃል አምጪ ብሎ ማስገደድ፣ «ፎቶሽን እለቀዋለሁ» ማለት ጥቃት ነው። በወንዶች ተማሪዎች ላይም ይደርሳል፤ እነሱ ደግሞ አፍረው ይደብቁታል።

መጀመሪያ ተማሪው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት መምህርት ወይም የምክር ባለሙያ መድቡ። በሩ የሚዘጋ ክፍል ይኑራት። «ለምን አትተዪውም?» አይባልም። «እንኳን ነገርሽኝ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብሎ መስማት ነው። ሁሉንም በምስጢር እይዛለሁ ብላ ግን ቃል አትግባ። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ለሚመለከተው መናገር ግድ እንደሚሆን ልጅቷ ቀድማ ትወቅ።

ብዙ ትምህርት ቤት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ነገ ወላጅ አምጪ» ይባላል። ፍቅረኛ እንዳላት ቤት የማይታወቅባት ልጅ ይህን ስትሰማ አፏን ትዘጋለች፤ አንዳንዷ ከትምህርቱም ትቀራለች። ቤተሰብ ይግባ፤ ግን ለማን እንደሚነገር መጀመሪያ እሷን ጠይቋት። ለእናቷ? ለአክስቷ? ለታላቅ እህቷ? እሷንና ፍቅረኛዋን አስቀምጦ ማስታረቅም ይቅር። እሱ ፊት እውነቱን አታወራም፤ ብታወራም በኋላ ዋጋ ያስከፍላታል።

ከዚያ ውሎዋን አብራችኋት አስቡ። በየት ትመጣለች? ከማን ጋር ትወጣለች? አንድ ክፍል ከሆኑ ሴክሽን የሚቀይረው እሱ ይሁን። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የበር ጥበቃው መልኩን ይወቅ። ያመለጣት ፈተና ይካካስላት። የማስፈራሪያ መልእክቶቹን አታጥፋ፣ ስክሪንሾት ታንሳቸው።

አስገድዶ ደፍሯት ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ስለዚህ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ፤ የለበሰችው ልብስም አይታጠብ። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለዚሁ የተቋቋመ ማዕከል አለው። ብቻዋን ግን አትላኳት፤ የምታምናት መምህርት አብራት ትሂድ።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጠይቋት፤ ከወር በኋላም። በተለይ «ተለያይተናል» ካለቻችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ ጥቃቱ ብዙ ጊዜ የሚብሰው ያን ሰሞን ነው።