በአይቲ ሙያ ምስክር ወረቀትን በሥራ ልምድ እንዴት ማስደገፍ ይቻላል?

በባሕር ዳር ከተማ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ የሚለጠፉ የአይቲ ክፍት የሥራ ቦታዎች ከትምህርት ማስረጃውና በተለምዶ ሲኦሲ ከሚባለው የብቃት ማረጋገጫ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጣ ወጣትም ሁለቱን ይዞ ሦስተኛው ላይ ይቆማል። እኔ እንደታዘብኩት ግን ልምድ ጨርሶ ከሌለው ይልቅ የሠራውን በማስረጃ ያላስያዘው ይበዛል።

በመጀመሪያ የብቃት ምዘናውን ትምህርቱ ሳይረሳ፣ ሥልጠናው እንዳለቀ ይውሰዱ።

ለትብብር ሥልጠና የሚላኩበትን ድርጅት የመምረጥ ዕድል ካለዎት፣ ደብዳቤ ሲተይቡ ወራት ከሚያልፉበት ቢሮ ይልቅ ካሜራና ዋይፋይ በየጊዜው የሚያስቸግረው የጣና ዳር ሆቴል የተሻለ ያስተምራል። እዚያም ብልሽቱን፣ መንስኤውንና መፍትሔውን በየቀኑ በደብተር ይመዝግቡ። "የመናፈሻው ካሜራ ምስል ይቆራረጣል፤ ገመዱ ሲለካ 130 ሜትር ሆነ፤ የመዳብ ኢተርኔት ገመድ ወሰኑ 100 ሜትር ስለሆነ መሐል ላይ የኔትወርክ ስዊች ገባ" የሚል ማስታወሻ ቀንና የኃላፊ ፊርማ ካለበት፣ "በኔትወርክ ጥገና ተሳትፌያለሁ" ከሚል ሲቪ ይልቅ ቀጣሪን ያሳምናል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስለዚህ "ሠራተኛችን ነበሩ" የሚል ደብዳቤ ተቀብለው አይመለሱ፤ "የኮምፒውተርና ኔትወርክ ጥገና ቴክኒሺያን" የሚለው የሥራ መደብ፣ ሥራ የጀመሩበትና የለቀቁበት ቀን በግልጽ ይጻፍልዎ። ከግል ድርጅት ለሚቀርብ ልምድ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማረጋገጫ ስለሚጠየቅ፣ ከፔሮል ውጪ በእጅ እየተከፈለዎት የሠሩት ሁለት ዓመት በቅጥር ኮሚቴ ፊት እንዳልነበረ ሊቆጠር ይችላል።

እንደ ሲሲኤንኤ (የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ሙያ ማረጋገጫ) ያለው ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት በመጨረሻ ይምጣ። ክፍያው በዶላር የሚታሰብ፣ የአገልግሎት ጊዜውም 3 ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ በነጻ በሚገኘው የኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር በፓኬት ትሬሰር በሚገባ ሳይለማመዱና እውነተኛ ራውተር ሳይነኩ ለፈተናው መመዝገብ አያዋጣም፤ የሚያመለክቱበት የሥራ መደብ ካልጠየቀው ደግሞ ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለክሪምፐር (የገመድ ጫፍ መግጠሚያ መቆንጠጫ) እና ለገመድ መፈተሻ ቢውል እመርጣለሁ።

በቅጥር ፈተና ላይ ገመድ እንዲገጥሙ ከተሰጠዎት ሽቦዎቹን በቲ568ቢ ቅደም ተከተል፣ ማለትም ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ አድርገው ይደርድሩ፤ በመፈተሻው ላይ ስምንቱም መብራቶች በተራ መብራታቸውን ሳያዩም ገመዱን አያስረክቡ።