ሊኑክስ በሳሎን፦ ቴሌቪዥንና ጨዋታን ከግዙፍ ኩባንያዎች ነጻ አድርጎ የማዘጋጀት መመሪያ

ስማርት ቲቪ የምንላቸው ቴሌቪዥኖች ስክሪን ብቻ አይደሉም፤ ከተገዙም በኋላ በአምራቻቸው ቁጥጥር ሥር የሚቆዩ ኮምፒውተሮች ናቸው። ብዙዎቹ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ምስል በየጊዜው ናሙና እየወሰዱ ቤተሰቡ ምን እንደሚመለከት የሚለይ ሥርዓት ተጭኖባቸው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪዚዮ የተባለው አምራች በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ይህንኑ ያለ ተመልካቾች ፈቃድ ፈጽሟል ተብሎ በቀረበበት ክስ፣ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከኒው ጀርሲ ግዛት ጋር ባደረገው ስምምነት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሥርዓቱ በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚገባውን ምስል ጭምር ሊያይ ስለሚችል ሌላ መሣሪያ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ማላቀቅ ነው፦ ወደ ቴሌቪዥኑ የኔትወርክ ማስተካከያ ገብተው የቤትዎን ዋይፋይ እንዲረሳ ያድርጉት፤ የኔትወርክ ገመድ ካለውም ይንቀሉት። ከዚህ በኋላ ቴሌቪዥኑ ምስል ያሳያል፣ ድምፅ ያሰማል፤ ሌላው ሁሉ ሊኑክስ የተባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና በተጫነበት፣ እርስዎ በሚያዙት ኮምፒውተር ይሠራል።

ለዚህ የሚሆነው ኮምፒውተር ውድ መሆን የለበትም። በቢሮ ያገለገሉት ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች፣ ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚደበቁ፣ ብዙ የማይጮኹና ጥቂት መብራት የሚበሉ ስለሆኑ ለሳሎን ተስማሚ ናቸው። በሚገዙበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይጠይቁ። የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ኤች 265 በሚባለው ዘዴ የታመቀ ቪዲዮን በራሱ የቪዲዮ ክፍል መፍታት ይችላል፤ 7ኛው ትውልድ ብዙ ቀለም የሚይዘውን ባለ 10 ቢቱን ዓይነትም ይጨምራል፤ ኤቪ 1 የሚባለውን አዲሱን ዘዴ ለመፍታት ግን 11ኛው ትውልድ ያስፈልጋል። ልዩነቱ በተግባር ይታያል፦ የቪዲዮ ክፍሉ የማያውቀው ፋይል ሲከፈት ሥራው ሁሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቅና ማራገቢያው ይጮኻል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። እኔ የምመክረው ቢያንስ 7ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለውን ነው። አንዳንዶቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች የኤችዲኤምአይ መውጫ የላቸውም፤ ያላቸው ዲስፕሌይፖርት ነው። ስለዚህ መቀየሪያ መግዛት ግድ ሊሆን ይችላል፤ ቴሌቪዥንዎ 4ኬ ከሆነ 4ኬን በ60 ኸርዝ የሚያሳልፍ መቀየሪያ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ርካሾቹ በ30 ኸርዝ ይቆማሉና።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ፣ ሊኑክስን ከመጫንዎ በፊት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ ወደሚባለው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ይግቡና መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። ቴሌቪዥኑን የሚያበራው የቤተሰብ አባል ከጀርባ ያለውን ቁልፍ ፍለጋ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይህ ነው።

ከሊኑክስ ዓይነቶች ውስጥ ለዚህ ሥራ የመረጥኩት ዴቢያንን ነው። ዴቢያን ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰብ የሚሠራ፣ ባለቤት ኩባንያ የሌለው ሥርዓት በመሆኑ፣ ነገ አንድ ሥራ አስኪያጅ ሐሳቡን ቢቀይር የሳሎንዎ ዕጣ አብሮ አይቀየርም። ጨዋታ የማይፈልግና ፊልም ብቻ የሚያይ ቤተሰብ ግን ሊብሬኤሌክ የተባለውን ቢጭን ይበጀዋል፤ ይህ ኮዲ የተባለውን የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ ለማስነሳት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ የያዘ ትንሽ ሥርዓት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁለቱንም ለሚፈልጉ ነው።

የዴቢያንን መጫኛ ፋይል ከፕሮጀክቱ ድረ ገጽ አውርደው በፍላሽ ላይ ከጻፉት በኋላ ኮምፒውተሩን በፍላሹ ያስነሱ። መጫኑ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ የሚፈልጉት ፋይል ካለ አስቀድመው ይቅዱ። በመጫኑ ሂደት የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ፣ የይለፍ ቃል ሲጠየቁ ባዶውን ይለፉት፤ እንዲህ ሲሆን የራስዎ መለያ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያገኛል፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል መያዝም አይኖርብዎትም። ከሚቀርቡት ዴስክቶፖች መካከል ኬዲኢ ፕላዝማን ይምረጡ፤ ለሳሎን የሚያስፈልጉት ማስተካከያዎች በሙሉ በመስኮት ተከፍተው የሚገኙበት እሱ ነውና ትእዛዝ መጻፍ አይኖርብዎትም።

ተጭኖ ሲያልቅ ወደ ፕላዝማ ማስተካከያ ገብተው ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ እንዲገባ፣ ስክሪኑም በየጊዜው እንዳይቆለፍ ያድርጉ፤ ጽሑፉ ከሶፋ ላይ እንዲነበብም በ4ኬ ቴሌቪዥን ላይ መጠኑን ወደ 200 በመቶ ያሳድጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ፦ ኮምፒውተሩ በራሱ ይገባና ወዲያው የይለፍ ቃላት ማስቀመጫው እንዲከፈትለት የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል። ምክንያቱ የዋይፋዩ ቃል በዚያ ማስቀመጫ ተቆልፎ መቀመጡ ነው። በዋይፋይ ግንኙነቱ ማስተካከያ ውስጥ ቃሉ ለሁሉም ተጠቃሚዎች ሳይመሰጠር እንዲቀመጥ ሲመርጡ መስኮቱ አይመለስም። የምስሉ ዳር ዳር ተቆርጦ ከታየ ደግሞ ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም፤ በቴሌቪዥኑ የምስል ማስተካከያ ውስጥ ምስሉን ሳይለጥጥ እንዳለ የሚያሳየውን ምርጫ ይውሰዱ፤ ለጨዋታ ጊዜም የጌም ሁነታውን ያብሩ።

ቀጥሎ ከሶፍትዌር ማስተዳደሪያው ኮዲን ይጫኑና ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው ከሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት። ኮዲ መጀመሪያ ለኤክስቦክስ ተብሎ የተሠራ፣ ስሙም እስከ 2014 ድረስ ኤክስቢኤምሲ የነበረ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ የአማርኛ ገጽታም አለው። ፊልሞችዎን እያንዳንዱን በየራሱ ፎልደር፣ ስሙንና የወጣበትን ዓመት ጽፈው ያስቀምጡ። ኮዲ የፊልሞቹን ታሪክና ፖስተር ከኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ምን እንዳለዎት ወደ ውጭ እንዳይጠየቅ ከፈለጉ ፎልደሩን ሲያስገቡ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን መረጃ ብቻ እንዲጠቀም የሚያደርገውን ይምረጡ። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ በፊደል ፈንታ ሣጥን ሆኖ ከታየ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደላት የሉትም ማለት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በኮዲ የፎንት ፎልደር ውስጥ ቀድተው በግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያው ይምረጡት፤ የጽሑፉ ፋይልም በዩኒኮድ የተቀመጠ ይሁን። የተሰረቁ ፊልሞችን በነጻ እናሳያለን የሚሉትን የኮዲ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ግን አይጫኑ፤ ማን እንደጻፋቸው የማይታወቁ ፕሮግራሞችን ወደ ቤት ማስገባት ከዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ ጋር ይጋጫል።

ለሪሞት የተሻለው ኮሬ የተባለው የኮዲ የራሱ የስልክ መተግበሪያ ነው፤ ከጎግል መደብር ብቻ ሳይሆን ኤፍድሮይድ ከተባለው የነጻ መተግበሪያዎች ማከማቻም ይገኛል። በኮዲ የአገልግሎት ማስተካከያ ውስጥ ከሌላ መሣሪያ መታዘዝን መፍቀድ ያስፈልጋል፤ ስልኩና ኮምፒውተሩ በአንድ ዋይፋይ ላይ እስካሉ ድረስ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል።

ጣሪያ ላይ ዲሽ ላለው ቤት ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ያለው የሚከተለው ይመስለኛል። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪቢ ኤስ 2 ቱነር (የሳተላይት ሥርጭት መቀበያ) ሲገዙ ቲቪሄድኤንድ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የሳተላይት ቻናሎችን ተቀብሎ በኮዲ ውስጥ ያሳያል፣ ይቀርጻልም፤ ዜናውን ያመለጠ ሰው ማታ ሊያየው ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የቱነሩ ሞዴል በሊኑክስ ቲቪ ፕሮጀክት ዝርዝር ላይ እንደሚደገፍ የተጻፈ መሆኑን ይመልከቱ። ነባሩ ሪሲቨር ሳይነቀል እንዲሠራም ዲሹ ላይ ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚገጠመው ምልክት ተቀባይ) ያስፈልጋል። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን ኢትዮሳትን የሚቀበሉ ከሆነ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣውን የፍሪኩዌንሲ ዝርዝር አይመኑ፤ ያረጀ ሊሆን ይችላልና። ይልቁንም በሚሠራው ሪሲቨርዎ ማውጫ ላይ የየቻናሉን ፍሪኩዌንሲ፣ ፖላራይዜሽንና ሲምቦል ሬት አይተው በወረቀት ይገልብጡና በቲቪሄድኤንድ ውስጥ በእጅ ያስገቡ። የሚታዩት በነጻ የሚተላለፉት ቻናሎች ናቸው።

ወደ ጨዋታ ስንመጣ፣ በሳሎን የሚጫወት ቤተሰብ በሱፐርታክስካርት ይጀምር፤ ስክሪኑን ከፍሎ ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚያሽቀዳድም የመኪና ጨዋታ ነው፣ ከዴቢያን ማከማቻም በቀጥታ ይጫናል። ለትልልቆች ዌስኖትና ዜሮ ኤዲ የተባሉት የስልት ጨዋታዎች አሉ። የጥንታዊ የጨዋታ መሣሪያዎችን ጨዋታዎች ለማጫወት ሬትሮአርክ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል፤ የጨዋታ ፋይሎቹ ግን በሕጋዊ መንገድ የያዟቸው ይሁኑ። ጆይስቲክን በተመለከተ የፕሌይስቴሽን 5ን ሶኒ ራሱ ለሊኑክስ ዋና ክፍል (ከርነል) ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ስለጻፈለት በቀላሉ ይሠራል፦ ክሬኤት የሚለውንና የፒኤስ ቁልፎችን መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስኪል ድረስ አብረው ይጫኑ፣ ከዚያ በፕላዝማ የብሉቱዝ መስኮት ያገናኙት።

የሚገዙ ጨዋታዎችን ለሚፈልጉ፣ የስቲም ባለቤት ቫልቭ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን ብዙ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን በሊኑክስ ላይ አስችሏል፤ ይሁንና ስቲም መለያ የሚጠይቅ የአንድ ኩባንያ መደብር ነው። ከዚያ ይልቅ ጎግ ከተባለው የጨዋታ መደብር የተገዛ ጨዋታ ቅጂን የሚከለክል ቁልፍ ሳይኖርበት ስለሚመጣ መጫኛውን በራስዎ ዲስክ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ሄሮይክ በሚባለው ፕሮግራምም ይጫናል። እንደ ቫሎራንትና ፎርትናይት ያሉት የኢንተርኔት ጨዋታዎች በሊኑክስ አይሠሩም፤ እነሱን የሚወድ ልጅ ካለ አስቀድሞ ይነገረው። የሚከፈልባቸው የፊልም አገልግሎቶችም በሊኑክስ ብራውዘር ይከፈታሉ፣ ነገር ግን አብዛኞቹ የምስሉን ጥራት ይቀንሳሉ፤ 4ኬም አይሰጡም።

ሁሉም ተስተካክሎ ሲሠራ፣ ኮዲን ይዝጉና በፋይል ማስተዳደሪያው ውስጥ ኮንትሮልና ኤችን አብረው ተጭነው የተደበቁትን ፎልደሮች ያሳዩ። በነጥብ የሚጀምረውን የኮዲ ፎልደር ወደ ፍላሽ ይቅዱት፤ ማስተካከያዎችዎ፣ የፊልም ዝርዝርዎና የታዩት ምልክቶች በሙሉ በእሱ ውስጥ ስላሉ ዲስኩ ቢበላሽ በአዲሱ ላይ ወደ ቦታው መመለስ ብቻ ይበቃል።