ለዋሽንት የሚሆን ማኅደር በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ክራር የሚመታ ሰው ቅኝት መለወጥ ሲፈልግ ክሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል። ዋሽንት ነፊ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ሸምበቆው ተቆርጦ ቀዳዳዎቹ አንዴ ከተበሱ በኋላ የድምፁ ከፍታ በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ተወስኗል። ዘፋኙ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ነፊው ሌላ ዋሽንት ማንሣት አለበት። ከባንድ ጋር የሚሠሩ ነፊዎች አምስት ስድስት ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው።

የሚያሳዝነው እነዚህ ሁሉ ዋሽንቶች ብዙ ጊዜ በፌስታል ወይም በጋዜጣ ተጠቅልለው መወሰዳቸው ነው። ቀርከሃም ሆነ ሸምበቆ ሲሰነጠቅ ቁመቱን ተከትሎ ነው። ስንጥቁ አንዱን የጣት ቀዳዳ ካገኘ አየር ያፈስሳል፣ ድምፁም ይሻክራል። አንድ ዓይነት ሁለት ሸምበቆ ስለማይገኝ ጥሩ ዋሽንት የተሰነጠቀበት ሰው ያንኑ ድምፅ መልሶ ለማግኘት ብዙ ይደክማል። ለክላርኔት ወይም ለፍሉት ተብሎ የተሠራ ሣጥን ደግሞ ለእነዚያ መሣሪያዎች ልክ የተቦረቦረ ስለሆነ ለዋሽንት አይሆንም።

ጥሩ ማኅደር ዋሽንቱን ከምት፣ እርስ በርሱ ከመፋተግና ከታፈነ እርጥበት ይጠብቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው፤ በነፊው ትንፋሽ የረጠበ ዋሽንት አየር በማያገኝ ቱቦ ውስጥ ከተዘጋበት ይሻግታል። ከዚህ በታች የማሳየው አሠራር መነሻው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በማንገቻው ተሰቅሎ የምናየው የብራና መጽሐፍ ማኅደር ነው። ልዩነቱ የኛ ውስጡ ጠንካራ ቱቦ ያለው መሆኑ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦና ሁለት ክዳን ከሳኒተሪ ዕቃ መሸጫ ይግዙ። አንድ ሜትር ይበቃል። ቁራጭ ለማግኘትና ለማንገቻ የሚሆን አሮጌ ቀበቶ፣ ዘለበትና ሸራ ለመፈለግ አዲስ አበባ ላለ ሰው ምናለሽ ተራን የመሰለ ቦታ የለም። ከቤት ደግሞ ያረጀ ጋቢ፣ የማይፈለግ ብርድ ልብስ፣ ወፍራም ክርና መርፌ ይዘጋጅ። የብረት መጋዝ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ መሰርሰሪያ፣ የቱቦ ማጣበቂያና ማስቲሽም ያስፈልጋል።

ስፖንጅ አልመክርም። ሲገዙት ለስላሳ ነው፤ ሲያረጅ ግን እየተፈረፈረ ይጣበቃል፣ ፍርፋሪውም ቀዳዳ ውስጥ ይገባል።

ልኩን ማውጣት

በመጀመሪያ ረጅሙን ዋሽንት ይለኩና 6 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩበት። ሁለቱ ለታችኛው ትራስ፣ ሁለቱ ለላይኛው፣ ሁለቱ ለመላወሻ ናቸው። ረጅሙ 62 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቱቦው 68 ይሆናል ማለት ነው።

ስፋቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። እኩል ውፍረት ያላቸው ሰባት ክብ ነገሮች፣ አንዱ መሐል ስድስቱ ዙሪያ ሆነው ሲታሰሩ፣ የእስሩ ስፋት የአንዱን ውፍረት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ዋሽንቱ ከነልብሱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢወፍር ሰባቱ 9 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ። የ110ሩ ቱቦ ውስጡ ከ10 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ ለብርድ ልብሱ ንጣፍ ቦታ ይተርፋል። ሦስት ዋሽንት ብቻ ያለው ሰው በ75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቀለል ያለ ማኅደር መሥራት ይችላል፤ ንጣፉን ግን ማሳሳት ይኖርበታል።

ቱቦውን ማዘጋጀት

ቀጥ አድርጎ ለመቁረጥ ሰፋ ያለ ወረቀት ቱቦው ላይ ይጠቅልሉ። የወረቀቱ ጠርዝ ከራሱ ጋር ሲገጥም በጠርዙ ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩና በመጋዝ ቀስ እያሉ፣ ቱቦውን እያዞሩ ይቁረጡ። የተቆረጠውን አፍ በብርጭቆ ወረቀት ከውስጥም ከውጭም እጅ የማይቧጭር እስኪሆን ድረስ ያለስልሱት።

ቀጥሎ የአየር ቀዳዳ ይበሱ፦ በታችኛው ክዳን ላይ አምስት፣ ከላይኛው ክዳን ዝቅ ብሎ በቱቦው ዙሪያ አምስት፣ እያንዳንዳቸው 4 ሚሊ ሜትር። ይህ ሥራ ከንጣፉ በፊት ማለቅ አለበት። ጨርቅ ከተለጠፈ በኋላ ቢሰረስሩ ክሩ መሰርሰሪያው ላይ ይጠመጠማል።

የታችኛውን ክዳን በቱቦ ማጣበቂያ ያጣብቁ። የላይኛው ክዳን በአንድ እጅ እንዲከፈት ጎማ ካለው ያውጡለት፣ አሁንም ከጠበቀ በብርጭቆ ወረቀት ይሙረዱት።

ንጣፍ

ብርድ ልብሱን በቱቦው ውስጠኛ ዙሪያ ልክ ቆርጠው ማስቲሽ ይቀቡና ጠቅልለው በማስገባት ከውስጥ ዘርግተው ይጫኑት። ለታች ሁለት ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ድረስ ክብ ክብ ብርድ ልብስ ደራርበው ሰፍተው ያስቀምጡ። ለላይኛው ክዳን ውስጥም እንዲሁ። ማስቲሽ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝና ሽታው ስለሚያዞር ይህን ሥራ ደጅ ይሥሩት። ከዚያም ቱቦውን ከፍተው ቢያንስ ሁለት ቀን ያናፍሱት። አፍ የሚነካው ዕቃ የሚቀመጥበት ስለሆነ ሽታው ሳይጠፋ ዋሽንት አይግባበት።

ለእያንዳንዱ ዋሽንት ልብስ

ድካም የማይቆጠብበት ቦታ እዚህ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ስፌቱን ፈትተው ሁለት ሁለት ድርብ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ይወፍራል። ከመቁረጥዎ በፊት በሙቅ ውኃ ይጠቡት። ጨርቁ የሚያጥረውን ያህል ያጥራል፣ የሚረግፈው ብናኝም ይረግፋል። ጋቢ ከሌለ የታጠበ አቡጀዲ ይሆናል።

2.5 ሴንቲ ሜትር ለሚወፍር ዋሽንት ዙሪያው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 2 ለመላወሻ፣ 2 ለስፌት ጨምረው ጨርቁን በ12 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይቁረጡ። ቁመቱ ግን ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ከረጅሙ ዋሽንት 4 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ከዚህም አንዱ ለታች ስፌት፣ ሦስቱ አፉን ለማጠፍ። ሁሉም ልብስ እኩል ካልሆነ አጭሩ ዋሽንት ከታች ሰምጦ ለማውጣት ጣት አይደርስበትም። በአጫጭሮቹ ልብስ ውስጥ ከታች የተጠቀለለ ጨርቅ አግብተው በመርፌ ወጋ ወጋ አድርገው ያስሩት፣ አፋቸው ከረጅሙ ጋር ይስተካከላል።

ጨርቁን አጥፈው አንድ ጎኑንና ታቹን ይስፉ። እንደ ሌላ ከረጢት ግን አይገልብጡት። ስፌቱ ወደ ውጭ እንደቀረ ይተውት፤ ወደ ውስጥ ከገባ የተረፈው ክር በጣት ቀዳዳዎቹ ጠርዝ እየተያዘ ይጎትታል። ለማሰሪያ አዝራርና ዚፕ አይጠቀሙ፣ ብረት ሸምበቆ ይቧጭራል። ቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ ይበቃል። አፉ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው የጥለት ቁራጭ ቢሰፉበት ጨለማ ባለ መድረክ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ረጅሙን መሐል ያድርጉ። የሚነፋበት አፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን፦ ጠርዙ ስስ ስለሆነ ማኅደሩ ወለል ላይ ሲቀመጥ ምቱ እሱን ማግኘት የለበትም። ከጨረሱ በኋላ በዋሽንቶቹ ፋንታ እኩል ውፍረት ያላቸው እንጨቶች ከተው ክዳኑን ዘግተው ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት። ኳኳታ ከተሰማ ትራስ ይጨምሩ።

ሽፋንና ማንገቻ

ማንገቻውን በብሎን ቱቦው ላይ ማሰር አደገኛ ነው፤ የብሎኑ ጫፍ ወደ ውስጥ ይቀራል። ቱቦውን የሚያለብስ የሸራ ከረጢት ይስፉና ቀበቶውን በከረጢቱ ቁመት፣ ከታች በኩል ዞሮ እንዲያልፍ አድርገው ይስፉበት። ክብደቱን የሚሸከመው ቀበቶው እንጂ ስፌቱ አይሆንም። ሸራ አየር ያስተላልፋል። ቆዳ የመረጠ ሰው ከአየር ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ቆዳውንም መብሳት አለበት።

አያያዝ

ከተነፋ በኋላ ዋሽንቱን በቀጭን እንጨት ጫፍ በታሰረ ንጹሕ ጨርቅ ውስጡን ጠርገው ሃያ ደቂቃ ያህል ጥላ ውስጥ ያቆዩት። በክረምት ማኅደሩን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይክፈቱ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይተዉት። ልብሱ ውስጥ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ካዩ፣ በሸምበቆውም ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ነቀዝ ገብቷልና ያን ዋሽንት ከሌሎቹ ይለዩ፤ ልብሶቹንም ሁሉ ቀቅለው ፀሐይ ላይ ያስጡ።

ቤታቸው በክረምት በማሞቂያ በሚደርቅባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም፣ ለሚኖሩ ነፊዎች ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። አየሩ እርጥበቱን መጦ ሸምበቆውን ይሰነጥቃል። በዚያ ወቅት የአየር ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ይድፈኑና በላይኛው ትራስ አጠገብ ውኃው በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ በተበሳሳች ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ጨርቁ ዋሽንቱን አይንካ፣ በየሳምንቱም ይታጠብ። በአውሮፕላን ሲጓዙ ማኅደሩን ከእርስዎ ጋር ይያዙት። የቱቦ ቅርጽ ስላለው ፈታሾች መክፈት ይፈልጋሉና ክዳኑን በፕላስተር አያሽጉት፣ ከላይም የሚታየው ዋሽንት እንጂ ሌላ ዕቃ አይሁን።