የሰርግ ቀረጻ ውስጥ አንዷን ሰከንድ ፍለጋ ሌሊቱን እንዳታነጉ፦ ማርከር አጠቃቀም

ሰርግ ኤዲት የምታደርጉ ልጆች ማርከርን፣ ማለትም ቪዲዮው ላይ የፈለጋችሁት ሰከንድ ጋ የምታስቀምጡትን ምልክት፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ልመዱት። ሁለት ካሜራ ከጠዋቱ የሙሽሪት ቤት እስከ ማታው ጭፈራ ሲቀርጽ ውሎ የሚመጣላችሁ ፉቴጅ ብዙ ሰዓት ነው፣ ከዛ ውስጥ ቤተሰቡ ደጋግሞ የሚያየው ግን ትንሽ ነው፣ እሷን ትንሽ ደግሞ ባገኛችኋት ሰዓት ምልክት ካላደረጋችሁባት ነገ እንደገና ከዜሮ ነው የምትፈልጓት።

እኔ በፕሪሚየር (የአዶቤ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም) ስለምሰራ በሱ ልንገራችሁ። የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ቁሙና ኪቦርድ ላይ ኤምን ተጫኑ፣ በቃ ማርከር ገባ። ሁለቴ ከተጫናችሁት ስም፣ ማስታወሻና ቀለም የምትሞሉበት ሳጥን ይከፈታል። ስሙን በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ግን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፣ አለዚያ ኤም አልሰራ ብሎ ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ክሊፕ (አንዱን የቪዲዮ ወይም የድምጽ ቁራጭ) መርጣችሁ ኤም ካላችሁ ማርከሩ የሚቀመጠው ክሊፑ ላይ ነው፣ ምንም ሳትመርጡ ከሆነ ግን ክሊፖቹ የተደረደሩበት ታይምላይን ላይ። ክሊፑ ላይ ያለው ክሊፑ በሄደበት አብሮ ይሄዳል። የታይምላይኑ ግን ከመሀል ቆርጣችሁ ስታወጡ ባለበት ሊቀርና ማስታወሻችሁ ሁሉ ሌላ ቦታ ሊያሳይ ይችላል፣ ስለዚህ ማርከርስ የሚለው ሜኑ ውስጥ ሪፕል ሲክዌንስ ማርከርስ መብራቱን ቀድማችሁ እዩ።

አሁን ዋናው ነገር ስሙ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ቀረጻውን ሙሉ አይቼ ደስ ያለኝ ቦታ ሁሉ ላይ «ጥሩ» እያልኩ ጻፍኩ፣ በነጋታው የትኛው ጥሩ የቱ እንደሆነ ስለማላውቅ አንድ በአንድ መክፈት ነበረብኝ። ከዛ ወዲህ ያየሁትን ነው የምጽፈው፦ «ጉልበት ሲስሙ አያት ድምጻቸው ተቆረጠ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ካሜራ 2»። እንዲህ ስትጽፉ ዊንዶው ሜኑ ላይ ማርከርስ የሚለውን ፓነል ከፍታችሁ «አያት» ብላችሁ መፈለግ ትችላላችሁ፣ ስትነኩትም እዛው ሰከንድ ላይ ይወስዳችኋል። በሺፍትና ኤም ወደሚቀጥለው፣ ኮንትሮል ጨምራችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ትዘላላችሁ። ቀለሙን እኔ ቀይ ለችግር ነው የማደርገው (ማይክ ሲንኮሻኮሽ፣ ሰው ካሜራ ፊት ሲያልፍ)፣ ሰማያዊ ለምርቃትና ለንግግር፣ እናንተ የፈለጋችሁትን ምረጡ ግን በየሰርጉ አትቀያይሩት።

ለጭፈራው ክፍል ዘፈኑን መርጣችሁ አጫውቱና ከበሮው በመታ ቁጥር ኤምን ንኩ። ጣት ከጆሮ ትንሽ ይዘገያል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) በሆነ ቪዲዮ አንድ ፍሬም 0.04 ሰከንድ ስለሆነ ሁለት ሶስት ፍሬም ማለፉ እስክስታ ላይ ወዲያው ያስታውቃል፣ ስለዚህ ክሊፑን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ሶርስ ሞኒተር (ክሊፑ ለብቻው የሚከፈትበት መስኮት) ላይ ማርከሩን ድምጹ ከፍ ያለበት ጋ ጎትታችሁ አስተካክሉት፣ ከዛ ካቱን፣ ማለትም ምስሉ የሚቀየርበትን ቦታ፣ እሱ ላይ አድርጉት።

ሁለቱን ካሜራ ለማገጣጠምም ይሰራል። ካሜራማኖቹ ቀረጻ ሲጀምሩ አንዴ እንዲያጨበጭቡ ንገሯቸው፣ መዳፉ የተገናኘበት ፍሬም ላይ በሁለቱም ክሊፕ ማርከር አድርጉ፣ ከዛ ክሊፖቹን አንድ ላይ መርጣችሁ ሲንክሮናይዝ ውስጥ ክሊፕ ማርከር የሚለውን ምረጡ።

ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የሽምግልናውን፣ የመልሱን፣ የኬኩን ሰዓት ከማርከሮቹ ላይ ገልብጣችሁ ዲስክሪፕሽኑ ውስጥ ጻፉት። ዩቲዩብ ቪዲዮውን በየክፍሉ እንዲከፍለው የመጀመሪያው ሰዓት 00:00 መሆን አለበት፣ ቢያንስ 3 ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ ክፍልም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ውጭ ሀገር ሆኖ ሰርጉ ያመለጠው ዘመድ የእናቱን ምርቃት በአንድ ንክኪ ያገኘዋል።