ከመጽሐፍ ወደ ዘፈን፣ ከዘፈን ወደ ጌም፦ የዊቸርን ዓለም እንዴት ማጣጣም ይቻላል?

ፋንታሲና ሳይንስ ፊክሽን የሚወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍቅሩ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው፦ ልብወለድ፣ ሙዚቃና ቪዲዮ ጌም። ሦስቱን ግን ለየብቻ ነው የሚይዛቸው። ከአንዱ ዓለም መጽሐፍ ይጀምራል፣ ከሌላው ጌም ያወርዳል፣ ሙዚቃውን ከየትም ሰብስቦ ያዳምጣል። ከዚያ ሁሉም ተጀምሮ ይቀራል። እኔ የምለው፣ አንድ ዓለም ምረጡና መጽሐፉንም፣ ዘፈኑንም፣ ጌሙንም ከዚያው ውሰዱ። በቅደም ተከተል። አንዱ ለሌላው ስንቅ ይሆናል።

ለዚህ የሚሆን ዓለም ጥራ ብባል መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው የፖላንዱ ዊቸር ነው። ኔትፍሊክስ ላይ ተከታታይ ፊልሙን ያያችሁ ትኖራላችሁ። እሱን ለጊዜው ተዉት። ዊቸር ማለት በልጅነቱ ተወስዶ፣ በመድኃኒትና በከባድ ሥልጠና ተለውጦ፣ ጭራቅ እያደነ በክፍያ የሚኖር ሰው ነው። ሕዝቡ ሲቸግረው ይጠራዋል፣ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ ይጸየፈዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌራልት ይባላል። ይሄን ካወቃችሁ ለመጀመር በቂ ነው።

1. በአጫጭር ታሪኮቹ ጀምሩ

ደራሲው አንጄይ ሳፕኮቭስኪ ኢኮኖሚክስ የተማረ፣ በንግድ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው) "ፋንታስቲካ" የተባለ መጽሔት ላዘጋጀው ውድድር አንድ አጭር ታሪክ ላከ። ሦስተኛ ወጣ። አንባቢው ግን ወደደው፣ እሱም ቀጠለ። ይህ ሁሉ ዓለም ከአንድ አጭር ታሪክ ነው የወጣው። እናንተም ከዚያው ጀምሩ።

በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ መጀመሪያ "ዘ ላስት ዊሽ"ን፣ ቀጥሎ "ሶርድ ኦፍ ዴስቲኒ"ን ያዙ። ሁለቱም የአጫጭር ታሪክ ስብስቦች ናቸው። አምስቱ ረጃጅም ልብወለዶች የሚመጡት ከእነሱ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው "ብለድ ኦፍ ኤልቭስ" ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የእንግሊዝኛው ትርጉም በተራው አልወጣም። "ዘ ላስት ዊሽ" በ2007፣ "ብለድ ኦፍ ኤልቭስ" በ2008፣ መሃል ላይ መነበብ ያለበት "ሶርድ ኦፍ ዴስቲኒ" ግን በ2015 ነው የታተመው። ስለዚህ የድሮ የንባብ ዝርዝር ካገኛችሁ ይህ መጽሐፍ ላይኖርበት ይችላል። ሲሪ የምትባለዋን ልጅ የምትተዋወቋት እሱ ላይ ነው። ከዘለላችሁት ቀሪው ሁሉ የሰው ቤተሰብ ጉዳይ ማዳመጥ ይሆንባችኋል።

እንዴት ነው የሚነበበው? አንድ ቁጭታ፣ አንድ ታሪክ። ካርታ ፍለጋ አትሂዱ፤ የመንግሥታቱ ስም እስኪገባችሁ አትጠብቁ። ጌራልትን፣ የኔፈር የምትባለዋን አስማተኛ፣ ዘፋኙን ዳንዲሊየንንና ሲሪን ከያዛችሁ ሌላው እየቆየ ይገባል። የታሪኮቹ ግማሽ ጭቅጭቅና ቀልድ ያለበት ንግግር ስለሆነ እንግሊዝኛው ያን ያህል አይከብድም። ማንበብ ለማይመቸው ፒተር ኬኒ የተረከው የድምፅ መጽሐፍ አለ። ለታክሲ ሰልፍ ፍቱን ነው።

ከ"ዘ ላስት ዊሽ" አንዱን ታሪክ ጠጋ ብለን እንየው። ጌራልት የአንዲት ንግሥት ግብዣ ላይ ይገኛል። የልጇ እጅ የሚጠየቅበት ምሽት ነው። ነገር ይነሳል፣ ሰይፍ ይመዘዛል፣ ጌራልት ልጅቷን የሚፈልገውን ባላባት ከሞት ያተርፈዋል። ባላባቱ ምን ልክፈልህ ሲለው ገንዘብ አይጠይቅም። በአገሩ የቆየ ልማድ መሠረት፣ ባላባቱ ያለውን ግን እንዳለው ገና ያላወቀውን ነገር ይጠይቀዋል። ለካስ ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11ን ያነበበ ሰው እዚህ ጋ ዮፍታሔ ትዝ ይለዋል። እሱም ከቤቴ ደጃፍ መጀመሪያ የሚወጣውን ብሎ ተሳለ፣ የወጣችው ብቸኛ ልጁ ሆነች። ሳፕኮቭስኪ እንዲህ ያሉ የቆዩ ተረቶችን ያነሳና፣ ተረቱ ካለቀ በኋላ ሰዎቹ እንዴት ይኖራሉ ብሎ ይጠይቃል። "ዘ ሌሰር ኢቪል" የሚለው ታሪክ የበረዷማዋ ልዕልትና የሰባቱ ድንክዬዎች ተረት ነው፤ ግን ልዕልቲቱ ሽፍታ ሆናለች። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ሁለቱን ስብስቦች ከጨረሳችሁ ወደ ጌሙ መሄድ ትችላላችሁ። አምስቱንም ልብወለዶች ካነበባችሁ ደግሞ እሰየው። የጌሞቹ ታሪክ ከመጽሐፎቹ በኋላ ያለውን ጊዜ ስለሚይዝ፣ መጽሐፉን ቀድሞ ማንበብ ጌሙን አያበላሽም። ጌሙን ማስቀደም ግን የመጽሐፉን መጨረሻ ያበላሻል። ቅደም ተከተሉ ላይ ችክ የምለው ለዚህ ነው።

2. ጌሙን ሳትከፍቱ ሙዚቃውን ስሙ

ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። የሦስተኛው ጌም የ"ዊቸር 3" ሙዚቃ የተሠራው በማርቺን ፕሺቢዎቪችና በሚኮዋይ ስትሮይንስኪ ነው። አብሯቸው ፔርሲቫል የሚባል የፖላንድ ባንድ አለ። ባንዱ የድሮ የስላቭ ሕዝብ ዘፈኖችን በድሮ መሣሪያ የሚጫወት ነው። በቀስት የሚገረፉት መሣሪያዎች ድምፅ በማሲንቆ ላደገ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ሻካራ ነው፣ ያለቅሳል፣ ይቆጣል።

በ"ስቲል ፎር ሂውማንስ" ጀምሩ። ጌሙ ላይ ጌራልት ሁለት ሰይፍ ይዞ ይዞራል፤ የብረቱ ለሰው፣ የብሩ ለጭራቅ። ይህ ከሰው ጋር ሲዋጋ የሚመጣው ሙዚቃ ነው። ሴቶቹ በጉሮሯቸው ሙሉ የሚጮኹትን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ አልዓዛርን የሚጠራ የባልካን የሕዝብ ዘፈን ነው። በዚያ አገር ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ልጃገረዶች ቤት ለቤት እየዞሩ የአልዓዛርን ዘፈን የመዝፈን ልማድ አላቸው። የበዓል ዘፈን የጦር ሜዳ ሙዚቃ ሆነ ማለት ነው። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ስትሰሙት ፀጉር ያቆማል።

ከዚያ "ላላባይ ኦፍ ዎ"ን ስሙ። እሹሩሩ ነው፤ ግን በዚህ እሹሩሩ የሚተኛ ልጅ ካለ ጎበዝ ነው።

አሰማሙ ላይ አንድ ሁለት ነገር። ሄድፎን አድርጉ። ሌላ ሥራ አትሥሩ። አልበሙን በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ አጭር ታሪክ ባነበባችሁ ቁጥር ሁለት ሦስት ትራክ ይበቃል። እና አንዱን ዘፈን ዝለሉት፦ "ዘ ዎልቨን ስቶርም" የሚለውን። ዩቲዩብ ቢያመጣላችሁም እለፉት። እሱ ጌሙ ውስጥ ቦታ አለው፣ እዚያ ነው መሰማት ያለበት።

3. ማሽኑን አዘጋጁ

ጌሞቹን የሠራው ዋርሶ ያለው ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ ነው። የመጀመሪያው በ2007፣ ሁለተኛው በ2011፣ ሦስተኛው በ2015 ወጣ። ሦስተኛውን ለመጫወት ሁለቱን መጨረስ ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ከሁለተኛው ጌም ያለፈውን ታሪክ ልሙላልህ ወይ የሚል ምርጫ ይመጣል። ሁለተኛውን ካልተጫወታችሁ ዝጉት፤ ካልሆነ ጌራልት ጢሙን እየተላጨ ሳለ ስለማታውቁት ነገር ጥያቄ ይዥጎደጎድባችኋል።

"ዊቸር 3" 50 ጊጋ ባይት ገደማ ቦታ ይፈልጋል፣ ደህና ግራፊክስ ካርድም ይጠይቃል። ለሥራ ብቻ የተገዛ ላፕቶፕ አይችለውም። ፕሌይስቴሽን 4 ወይም ኔንቴንዶ ስዊች ያለው ሰው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ የ2007ቱን ጌም ሞክሩ፤ አጨዋወቱ ያረጀ ቢሆንም ታሪኩ አላረጀም። ጂኦጂ የሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ ከተገዛ የመጫኛውን ፋይል አንዴ አውርዶ በሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውን በተመለከተ አትቸኩሉ። ቅናሽ በየጊዜው ይመጣል፣ ቅናሹም ደህና ነው።

የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ግን ለዚህ ጌም አይሆንም። እዚያ በሰዓት ወይም በጨዋታ ነው የሚከፈለው፣ ኳስ ጌም የሚጠብቅ ልጅ ከኋላ ይቁነጠነጣል፣ ሴቭ ያደረጋችሁትም ነገ ላይገኝ ይችላል። ዋናው ታሪክ ብቻ በአሥሮች የሚቆጠር ሰዓት ይወስዳል።

4. ተጫወቱ፣ ግን አትሩጡ

ቅንብሩን መጀመሪያ አስተካክሉ። አራት የክብደት ደረጃ አለ፤ ለጌም አዲስ የሆነ ሰው ታሪኩን ብቻ የሚለውን የመጀመሪያውን ይምረጥ። ማንም አይፈርድባችሁም። ሳብታይትሉን ክፈቱ፣ ፊደሉን አተልቁት። የሙዚቃውን ድምፅ ከፍ፣ የሌላውን ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

የመጀመሪያው አካባቢ ዋይት ኦርቻርድ ይባላል። ትንሽ ናት፣ እዚያ ቆዩባት። መጠጥ ቤቷ ውስጥ ጉዌንት የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የሚያስተምራችሁ ሰው ታገኛላችሁ። ባትወዱትም ተማሩት፤ አንዴ ከገባችሁ ዓለሙን ማዳኑን ትታችሁ ካርታ ስትሰበስቡ ታድራላችሁ።

ከዚያ ቬለን ትመጣለች፤ ረግረግ፣ ጦርነት፣ ረሃብ። የአካባቢው ካርታ ላይ የጥያቄ ምልክት ይሞላል። ሁሉንም ልጨርስ አትበሉ። በተለይ በኋላ ስኬሊገ ስትደርሱ ባሕሩ ላይ የተዘሩት ምልክቶች አሰልቺ ናቸው፤ ዝለሏቸው። ይልቅ ጊዜያችሁን ለሰዎቹ ስጡ። ቬለን ውስጥ ባሮኑ የሚባል ጠጪ አዛዥ አለ፤ ሚስቱና ልጁ ጠፍተውበታል። መጀመሪያ ታዝኑለታላችሁ። ቆይታችሁ ለምን እንደሸሹ ታውቃላችሁ። በዚያ ታሪክ መሃል በወጉ ያልተቀበረ ጽንስ ጭራቅ ሆኖ ይነሳል። ምርጫው የእናንተ ነው። በሰይፍ መጨረስ ይቻላል፤ ወይም አባትየው በእቅፉ ተሸክሞት በጨለማ ይሄዳል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ከቤቱ ደፍ ሥር ይቀብረዋል። ሁለተኛውን ምረጡ። መንገዱ ላይ አትቸኩሉ፣ የሚያወራውንም አታቋርጡት።

ንግግር የማቋረጫውን ቁልፍ እንደሌለ ቁጠሩት። የሲሪ ዕጣ የሚወሰነው በትልልቅ ጦርነት አይደለም፤ አጠገባችሁ ቆማ ስታወራችሁ በምትመልሱላት ትንንሽ መልስ ነው። ኢንተርኔት ላይ የትኛው መልስ የትኛውን መጨረሻ እንደሚያመጣ ተዘርዝሮ ተጽፏል። አትዩት። መጽሐፉን ካነበባችሁ መልሱ ከውስጣችሁ ይመጣል።

አሁን ያ የዘለላችሁት ዘፈን። ኖቪግራድ ከተማ ስትገቡ ፕሪሲላ የምትባል ዘፋኝ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ትዘፍናለች። ጌራልት ከሕዝቡ መሃል አለ። የምትዘፍነው ስለ እሱና ስለ የኔፈር ነው። ካሜራው ከእሷ ወደ አድማጮቹ ፊት ይዞራል። ጨዋታው ምንም አታድርጉ የሚላችሁ ብቸኛ ቦታ ይመስላል። የሁለቱን አተዋወቅ "ዘ ላስት ዊሽ" ላይ ያነበበ ሰው እያንዳንዱን ስንኝ ይረዳዋል፤ ያላነበበው ደግሞ ጥሩ ዘፈን ሰምቶ ይሄዳል። ስልካችሁን አርቁ።

ዋናው ታሪክ ሲያልቅ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች አሉ። "ሃርትስ ኦፍ ስቶን"ን አስቀድሙ፣ "ብለድ ኤንድ ዋይን"ን መጨረሻ አድርጉት። የወይን አገር ናት፣ ፀሐይ ያላት፤ ከቬለን ጭቃ በኋላ ታስፈልጋችኋለች።

5. ፋንታሲ ካልሆነላችሁ

ጭራቅና አስማት አይስበኝም፣ ሳይንስ ፊክሽን ነው የምፈልገው ካላችሁ መንገዱ ያው ነው፣ ዓለሙን ብቻ ቀይሩ። የሩሲያዊው ዲሚትሪ ግሉኮቭስኪ "ሜትሮ 2033" አለ። ከኒውክሌር ጦርነት የተረፉ ሰዎች በሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ጣቢያ እንደ አንድ ትንሽ አገር ሆኗል። መጽሐፉን አንብቡ፣ ከዚያ የዩክሬኑ ፎርኤ ጌምስ በ2010 ወዳወጣው ጌም እለፉ። ድምፁን ወደ ሩሲያኛ ቀይሩና ሳብታይትል ክፈቱ። ጣቢያዎቹ ውስጥ ሰዎች በየጥጉ ያወራሉ፣ ጊታር የሚጫወትም አይጠፋም። አጠገባቸው ቆማችሁ ስሙ። ጌሙ ይሄን በስውር ይመዘግባል፣ መጨረሻውም የሚቀየረው እንዲህ ባለው ነገር ነው።